ባሕር ላላዩ ልጆች ስለ ባሕር ኤሊ ማስተማር



እግዚአብሔር በ5ኛው ቀን በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ፍጥረታትና በሰማይ የሚበሩትን ወፎች እንደ ፈጠረ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ እናነባለን። ልብ ብለን ከተመለከትነው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የመጀመሪያው በረከት የተሰጠው ለሰው አይደለም፤ ለእነዚህ ለውኃና ለአየር ፍጥረታት ነው (ዘፍ. 1፥22)። ሰው የተባረከው በማግሥቱ ነው። ለሕፃናት ሥነ ፍጥረትን ስናስተምር ግን ወደ አዳምና ሔዋን ለመድረስ ስለምንቸኩል 5ኛውን ቀን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። በዚህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ላይ ጥቂት እንድንቆይና ከዚያ ቀን ፍጥረታት አንዷን፣ የባሕር ኤሊን፣ አብረን እንድንመለከት እጋብዛችኋለሁ።

«ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ኤሊ ማስተማር ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጅ የሚያውቀው ኤሊ ቢኖር ጥንቸልን በሩጫ የቀደመው የተረቱ ኤሊ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ከታሪካችን የራቀ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ የባሕር ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ፣ ከአዱሊስ ወደብ ተጭነው ይወጡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል የዝሆን ጥርስን፣ የአውራሪስ ቀንድንና የኤሊ ቅርፊትን ይቆጥራል። ያ ቅርፊት በሮም ባለጠጎች ቤት የአልጋና የሣጥን ማስጌጫ ይሆን ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን ወንጌልን ከመቀበላቸው በፊት የባሕር ኤሊን ያውቋት ነበር፤ የሚያውቋት ግን በሸቀጥነቷ ነው። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ኢትዮጵያ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት ተቀበለች። በዚያ ስምምነት መሠረት ሰባቱም የባሕር ኤሊ ዓይነቶች ለንግድ በዓለም አቀፍ ገበያ እንዳይሸጡ የተከለከሉ ናቸው። በዚያን ጊዜ አገራችን ገና የባሕር ጠረፍ ነበራት። በቀይ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች ዳርቻ፣ የባሕር ኤሊዎች ዛሬም ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህንን ልጆች ከታሪኩ ይልቅ ይወዱታል። የእንጦጦ ጋራ ለዝናብ እንደ ቤት ጣሪያ ነው። በሱሉልታ በኩል የወረደው ውኃ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ዓባይም በመጨረሻ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይፈስሳል። በቡራዩ በኩል ገፈርሳን ሞልቶ የሚያልፈው ውኃ ደግሞ በትንሹ አቃቂ አድርጎ፣ የሰበታም ወንዝ በራሱ መንገድ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ግን ከባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከሦስቱ ከተሞች ውኃዋ የባሕር መንገድ የተሰጣት ሱሉልታ ናት። በዚያ ባሕር፣ ቅዱስ ጳውሎስና ቅዱስ በርናባስ ወንጌልን ይዘው በመርከብ በደረሱባት በቆጵሮስ ጠረፍ፣ የባሕር ኤሊዎች በየዓመቱ ከውኃ እየወጡ ጎጆአቸውን ይቆፍራሉ። ለአንድ የሱሉልታ ልጅ «በደጅህ የሚያልፈው ጅረት የኤሊዎቹን ባሕር ያውቀዋል» ብትሉት በሚቀጥለው ሳምንት ጅረቱን ሲያይ ዓይኑ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ ፍጥረቲቱ እንግባ። የባሕር ኤሊ በውኃ ውስጥ ትኑር እንጂ እንደ ዓሣ አትተነፍስም፤ እንደ እኛ በሳንባዋ ስለምትተነፍስ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ትወጣለች። ስታርፍ ግን ትንፋሿን ይዛ ለሰዓታት ከውኃ በታች መቆየት ትችላለች። እግሮቿ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጉ ናቸው። የየብስ ኤሊ ሲፈራ ራሱን ወደ ቅርፊቱ ይሰበስባል፤ የባሕር ኤሊ ይህ መሸሸጊያ የላትም፤ ራሷም እግሯም ሁልጊዜ ውጭ ነው። ትልቋ ዓይነት፣ ጀርባዋ በቅርፊት ፋንታ በቆዳ የተሸፈነው፣ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ልትመዝን ትችላለች። ይህችው ግዙፍ ፍጥረት የምትመገበው ውኃ የመሰለውን ልል የባሕር እንስሳ፣ ጄሊፊሽ የሚባለውን ነው።

አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ለመውለድ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ መጠበቅ አለባት። ጊዜዋ ሲደርስ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጥ ኪሎ ሜትር ዋኝታ እርሷ ራሷ ወደ ተፈለፈለችበት ጠረፍ አካባቢ ትመለሳለች። መንገዱን የሚመራት በምድር ዙሪያ ያለው መግነጢሳዊ ኀይል እንደ ሆነ ሊቃውንት ደርሰውበታል። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላና ዋኖስ የመምጫቸውን ጊዜ ሲያውቁ ሕዝቡ ግን የጌታን ፍርድ አለማወቁን እያነጻጸረ ያዘነው በወፎች ነው (ኤር. 8፥7)። ነቢዩ የባሕር ሰው ቢሆን ኖሮ ኤሊዋንም ከዚያው ይቆጥራት እንደ ነበር አልጠራጠርም።

በሌሊት ከባሕር ትወጣለች። በውኃ ውስጥ የቀለለ አካሏ በአሸዋ ላይ እጅግ ይከብዳታል። በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ 100 ያህል ዕንቁላል ትጥልበታለች፤ አሸዋ ትመልስበታለች፤ ቦታው እንዳይታወቅም ዙሪያውን ትበትነዋለች። ዕንቁላሉ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ያህላል፤ ቅርፊቱም እንደ ዶሮ ዕንቁላል ጠጣር ሳይሆን እንደ ለስላሳ ቆዳ ነው። ከ2 ወር ገደማ በኋላ ጫጩቶቹ በአፍንጫቸው ጫፍ ባለች ትንሽ ጥርስ ቅርፊቱን ይቀድዱታል። ይሁን እንጂ ወዲያው አይወጡም። አንዱ ብቻውን ያን ሁሉ አሸዋ ሊገፋ አይችልምና፣ ሁሉም አብረው እየተንቀሳቀሱ ለቀናት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አሸዋው በሌሊት ሲቀዘቅዝ ብቅ ብለው ወደ ባሕሩ ይሮጣሉ። ከሺህ ጫጩቶች አንዱ ብቻ ለአካለ መጠን እንደሚደርስ ይነገራል።

በዚህ ስፍራ ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እናቲቱ ዕንቁላሏን ስትጥል ከዓይኖቿ እንባ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል። ይህን ሲተርክ «ለልጆቿ ታለቅሳለች» ለማለት የማይፈተን ሰባኪ የለም። ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ ከዓይኗ አጠገብ ያሉት ዕጢዎች በባሕር ውኃ የገባባትን ትርፍ ጨው ያስወጣሉ። በውኃ ውስጥ ሳለችም ይህንኑ ታደርጋለች፤ የሚያያት ስለሌለ ነው። ለልጆች እውነቱን ንገሯቸው። ጨውን በዓይኗ በኩል የሚያስወጣ ጥበብ የሠራ ፈጣሪ፣ ከፈጠራ እንባ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የእንስሳትን ጠባይ እያነሣ ወደ ክርስቶስና ወደ ነፍስ ያመሳጥራል፤ ውርሱ የከበረ ነው። ሆኖም በግሪኩ ፊሳልጎስ አንድ ግዙፍ የባሕር አውሬ ይገኛል፤ ስሙ ከኤሊ የተወሰደ ነው፤ መርከበኞች ደሴት መስሏቸው መልሕቃቸውን ሲጥሉበት ያሰጥማቸዋል፤ የዲያብሎስም ምሳሌ ሆኖ ተጽፏል። ምስኪኗ ኤሊ ሳታውቀው የተሸከመችው ስም ነው! ምሳሌ ከመሆኗ በፊት ኤሊ ኤሊ ናት፤ እግዚአብሔርም መልካም እንደ ሆነች ያየው ምሳሌ ሳትሆን በፊት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የባሕር ኤሊ ዕንቁላሏን ቀብራ ወደ ባሕር ትመለሳለች፤ ልጆቿን አታሳድግም፤ ሲፈለፈሉም በአጠገባቸው የለችም። በእነዚህ ከተሞች ባለ አንድ ቁምስና አንዲት መምህርት ይህን ስታስተምር አንዲት የ7 ዓመት ልጅ እጇን አነሣችና «ታዲያ ማን አሳደጋቸው?» ብላ ጠየቀች። መምህርቷም «እግዚአብሔር ባሕሩን ሰጣቸው፤ መዋኘትንም ሳይማሩ እንዲያውቁ አደረጋቸው» አለቻት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «አያትም የላቸውም?» አለች። እናቷ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች፣ በአያቷ እጅ የምታድግ ልጅ ነበረች። መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጣ «የላቸውም፤ አንቺ ግን አለሽ» ብላ መለሰችላት።

ውድ መምህራን፤ በፊታችሁ የሚቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ አስቡ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ፋብሪካ የምትወጣ እናት ልጅ አለ። ሠርቶ ለመላክ ባሕር የተሻገረ አባት ልጅ አለ። ወላጆቹን በሞት ያጣም አለ። ስለ ኤሊ እናት የምትናገሩት ቃል ሁሉ ለእነዚህ ልጆች ስለ ራሳቸው እናት የተነገረ ሆኖ ይሰማቸዋል። ስለዚህ በሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ «ጥላቸው ሄደች» የሚለውን ቃል አንጠቀም፤ ይህ ቃል ለሰው እንጂ ለኤሊ አይሆንም፤ ኤሊ ለማሳደግ አልተፈጠረችምና። ይልቁንም ያደረገችውን እንንገራቸው፤ ከምትበረታበት ባሕር ወጥታ እጅግ ወደምትደክምበት የብስ መምጣቷን፣ መቆፈሯን፣ መሸፈኗን። ሁለተኛ፣ «ከሩቅ ሆና ትጠብቃቸዋለች» የሚል ውሸት አንጨምር። ልጁ አንድ ቀን እውነቱን በትምህርት ቤት ይማረዋል፤ ያን ጊዜ ከኤሊዋ ጋር ሌላ ያስተማርነውም አብሮ ይናጋል። እናት እንኳ ልጇን ልትረሳ ብትችል እግዚአብሔር እንደማይረሳ ነቢዩ ኢሳይያስ ተናግሯል (ኢሳ. 49፥15)፤ ይህ ቃል የእናትን መራቅ ሳይክድ የሚያጽናና ስለ ሆነ በዚህ ቦታ ቢነበብ መልካም ነው።

ስለሚያጠፋቸው ነገር ደግሞ ጥቂት እንበል። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር የሚሮጡት በሌሊት ከሁሉ የሚበራውን አድማስ ተከትለው ነው፤ ይህም ከጥንት ጀምሮ የባሕሩ ገጽ ነበር። ዛሬ በጠረፍ የተሠሩት ሆቴሎችና መንገዶች መብራት ስላላቸው ጫጩቶቹ ወደ አስፋልት ይሄዳሉ። በዓሣ መረብ ተጠልፈው አየር ሳያገኙ የሚሞቱም ብዙ ናቸው። ፌስታል በውኃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ጄሊፊሽን ስለሚመስል ይውጡታል። ከዚህም በላይ የጫጩቱ ጾታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነው፤ ሞቃት ሲሆን ሴቶች፣ ቀዝቀዝ ሲል ወንዶች ይበዛሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜናዊው የአውስትራሊያ ታላቁ የዛጎል ሪፍ ሞቃት ጠረፎች ከተፈለፈሉት ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች ከ100ው 99ኙ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል።

ልጆችን ግን በጥፋት ወሬ ብቻ አናስፈራራቸው። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አረንጓዴዋን የባሕር ኤሊ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አውጥቶ በማያሰጉት መካከል ጽፏታል። ይህ የሆነው ለአሥርት ዓመታት ሰዎች ጎጆዎችን ስለ ጠበቁና መረቦችን ስላሻሻሉ ነው። ቅርፊቷ በአዱሊስ ይሸጥ የነበረው፣ አፏ እንደ ጭልፊት የቆለመመው ዓይነት ግን ዛሬም በብርቱ አደጋ ላይ ናት። በብራዚል በ1980 እ.ኤ.አ. በተጀመረውና ታማር በሚባለው ሥራ፣ ቀድሞ ዕንቁላሉን ይለቅሙ የነበሩ የጠረፍ ድኾች ጎጆ ጠባቂዎች ሆነው ደመወዝ ያገኛሉ። ይህ ሥራ ዝም ብሎ «አትንኩ» አላለም፤ ዕንቁላሉን በመተው የሚቀርባቸውን እንጀራ አስቀድሞ አሰበላቸው።

ይህን ያነሣሁት አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚቀርብ ስለማውቅ ነው። «የቤት ኪራይና የዳቦ ዋጋ በከበደበት ጊዜ፣ እርሻቸውን ለከተማ መስፋፋት የለቀቁ ቤተሰቦች ባሉበት፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ኤሊና ስለ ወፍ ትሰብካለችን?» የሚል ነው። ይህን ተቃውሞ አልንቀውም፤ ከረኃብተኛ ልጅ ፊት ቆሞ ስለ ኤሊ ብቻ የሚያወራ ሰባኪ ወንጌልን አልተረዳም። ነገር ግን ወንዝ ሲበከል መጀመሪያ የሚታመመው ማን ነው? የታሸገ ውኃ መግዛት የሚችለው አይደለም። ከወንዙ ከብቱን የሚያጠጣው፣ በወንዙ ጎመኑን የሚያለማው፣ ልብሷን በዳርቻው የምታጥበው ናቸው። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርና የድኾች ጩኸት አንድ ላይ መሰማት እንዳለበት ያስተማሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1990 እ.ኤ.አ. ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት ከፍጥረት ጋር የሚደረገውን ሰላም ከእግዚአብሔር ጋር ከሚደረገው ሰላም አያይዘውታል። በትንቢተ ዮናስ መጨረሻ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ሲናገር ከሕዝቡ ጋር እንስሶቿንም አልረሳም፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አኖራቸው።

እንግዲህ ስለ ሩቋ ኤሊ ያስተማርነው ልጅ በቅርብ የሚጠብቀው ምን አለ? ብዙ አለ። በገፈርሳ ውኃ ዳርቻና በሱሉልታ ሜዳ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታዎች በቀር በዓለም የማትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ትኖራለች። በሱሉልታ ረግረግ ቀድሞ ትታይ የነበረች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት አንዲት ትንሽ የሣር ውስጥ ወፍም አለች፤ ዛሬ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ ናት። ከሆለታ ወዲያ በበርጋ ረግረግ ጎጆዋን ስትሠራ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተገኝታለች። የረግረግ ሜዳ ለብዙዎቻችን «ባዶ ቦታ» ነው፤ አፈር ተደፍቶበት ቤት እስኪሠራበት ድረስ የሚጠብቅ። ውኃ በክረምት ሞልቶ ሰፈር ሲያጥለቀልቅ ነው ቦታው ባዶ እንዳልነበረ የምናውቀው። ዛሬ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው በፍጥነት እየተገነቡ ስለ ሆነ፣ ይህን የሚያይ ዓይን ያለው ትውልድ ያስፈልገናል። ፌስታልን በተመለከተም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ዘንቢል የሚያስታውሱ ቢሆኑ አያስገርምም።

ለዚህ ትምህርት የሚስማማው ወቅት ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 24፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ፍጥረት የምትጸልይበት ጊዜ ነው፤ የሚፈጸመውም በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል ነው። ዝናቡ የሚቀንስበት፣ ረግረጉ የሞላበት፣ አደይ አበባ የሚፈነዳበት ወራት ነው። ከትናንሾቹ ልጆች ጋር ከጭቃ ኤሊ ሥሩ፤ ቅርፊቱን፣ መቅዘፊያ እግሩን፣ የማይሸሸገውን ራስ በእጃቸው ይሥሩት። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለባት ከተማ ይህ ዘዴ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ማየት የተሳነው ልጅ ኤሊዋን ከሌሎቹ እኩል ያውቃታል። በዚያው ከተማ የዓሣና የሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ስለሚገኝ፣ ከፍ ያሉትን ልጆች ይዛችሁ ለመጎብኘት በደብዳቤ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ውኃ ዳር ውሰዷቸው። ስትወጡ በዘዳግም 22፥6-7 ያለውን የወፍ ጎጆ ሕግ አንብቡላቸው፤ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር መውሰድን የሚከለክል፣ ለሚጠብቀውም ዕድሜ ተስፋ የሚሰጥ ሕግ ነው። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካለ አትቆጡት፤ እስክትመለሱ ድረስ ከእናንተ ዘንድ በአደራ ያስቀምጠው። ጎጆ ያገኘ ልጅ ቆሞ በሹክሹክታ ይጥራችሁ፤ ሁሉም ተራ በተራ ከሩቅ ይዩ፤ ማንም ዕንቁላል አይንካ። የረግረጉ ዳርቻ በዚያ ወራት ስለሚያሰምጥ ለ10 ልጆች ቢያንስ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ቦት ጫማ የሌላቸው በደረቁ ወገን ይሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ ስለማይታመን በጠዋት ውጡ።